ዩኒፎርም ያላሟላ ተማሪ ከበር ይመለስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የትምህርት ዘመኑ ከተከፈተ ወዲህ ከወሎ ከተሞች ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአለባበስ ደንብ የሚጠይቁ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አጣምረን፣ የጠያቂዎቹንና የትምህርት ቤቶቹን ስም ትተን፣ አምስቱን ከነመልሳቸው አቅርበናል። አንዳንዶቹን ደብዳቤዎች ሐሳባቸውን ሳንነካ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በደሴ ሰኞ ገበያ ቅመማ ቅመም እየቸረቸርኩ ልጆች የማሳድግ እናት ነኝ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ወር ደጋግሞ ከበር ተመልሷል። አንድ ቀን በዩኒፎርሙ ላይ ጥቁር ሹራብ ደርበሃል ተብሎ፣ ሌላ ቀን ሱሪህ አጥሯል ተብሎ፣ ሌላ ቀን ደግሞ የታጠበው ሸሚዝ ሳይደርቅለት ቀርቶ በነጭ ቲሸርት በመሄዱ ነው። ሥርዓት መኖሩን አልጠላም፤ እኔም ልጄ እንደ ሥራ ፈት ለብሶ እንዲሄድ አልፈልግም። ነገር ግን ለልብስ ተብሎ ልጅን ከትምህርት መመለስ ተገቢ ነው ወይ? ትምህርት ቤትስ በአለባበስ ላይ ይህን ያህል መጥበቅ አለበት?

መልስ፦ እናታችን፣ ደብዳቤዎ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይጠይቃል። ትምህርት ቤት የአለባበስ ደንብ አውጥቶ ማስከበር ይገባዋል ወይ የሚለው አንዱ ሲሆን፣ ደንቡን ያላሟላ ልጅ ምን ይደረግ የሚለው ሌላው ነው። ለመጀመሪያው መልሳችን አዎን ነው። ለሁለተኛው ግን፣ እርምጃው ምንም ይሁን ምን፣ የልጁን የትምህርት ሰዓት የሚወስድ መሆን የለበትም እንላለን፤ ከዚህ በታች ለሌሎቹ ጠያቂዎች የምንሰጣቸው መልሶችም የቆሙት በዚሁ አቋም ላይ ነው።

ዩኒፎርም የሚጠቅመው ለምን እንደሆነ እርስዎ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በደሴ አንድ ክፍል ውስጥ የነጋዴ ልጅ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ፣ እንዲሁም ከኩታበር ወይም ከተሁለደሬ ገጠር መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ፣ ቅዳሜና እሑድ ስንቅ እያመላለሰ የሚማር የገበሬ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አለባበሱ እንደየቤቱ አቅም ቢለቀቅ፣ ያለው ያለውን ሲያሳይ የሌለው ዓይን የማያርፍበትን የኋላ ወንበር ሲፈልግ ይውል ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ሲለብስ ይህ ነገር ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም (ጫማና ስልክ መኖራቸው አይቀርምና) በብዙ ይቀንሳል። በትምህርት ሰዓት ፑል ቤት ደጃፍ የቆመ ልጅም ዩኒፎርም ከለበሰ ተማሪ መሆኑን መንገደኛው ሁሉ ያውቃል፤ አንድ ታላቅ ሰው ጠጋ ብሎ «ልጄ፣ ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» የሚለው ልብሱን አይቶ ነው።

ይሁን እንጂ ዩኒፎርም ተማሪን ከተማሪ እኩል የሚያደርገው ሁሉም እጅ ከገባ በኋላ ነው። እስኪገባ ድረስ ባለው ጊዜ፣ በተለይም በመስከረምና በጥቅምት፣ የሚሠራው ተቃራኒውን ነው። ጠዋት በር ላይ ቆሞ ማን ከሰልፉ ተነጥሎ እንደሚወጣ ያየ ሰው፣ የተነጠሉት ልጆች በአመዛኙ የማን ልጆች እንደሆኑ ለመገመት አይቸገርም። ስለ ልጅዎ ሱሪ የጻፉትንም እናውቀዋለን። ልብስ ሰፊው ልጁ ያድጋል ብሎ እግሩ ላይ ሰፋ ያለ እጥፋት ትቶ ይሰፋል፤ በዓመቱ እጥፋቱ ይፈታና ሱሪው ይረዝማል፤ የቀድሞው እጥፋት የነበረበት ቦታ ግን በመላው ጨርቅ ላይ የሌለ ጠቆር ያለ መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ጨርቁ ለብዙ ወራት በፀሐይና በሳሙና ሲነጣ እሱ ተሸፍኖ ነበርና። በሁለተኛው ዓመት የሚፈታ እጥፋት አይኖርም። የ15 ዓመት ልጅ በአንድ ክረምት የሚጨምረውን ቁመት ማንም በደንብ ሊከለክለው አይችልም፤ ያጠረ ሱሪ የለበሰ ልጅም አድጓል እንጂ አላጠፋም።

የሹራቡ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ጠዋት ላይ በስስ ሸሚዝ ብቻ ተሰለፉ የሚል ደንብ ያወጣ ሰው ደንቡን ከሌላ ቦታ ገልብጦት ይሆናል እንጂ ደሴን አስቦ አልጻፈውም። ዩኒፎርሙ ሹራብ ከሌለው፣ «የሚደረበው ሹራብ ጌጥና ጽሑፍ የሌለው፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ይሁን» የምትል አንዲት መስመር መጨመር ይበቃል፤ አብዛኛው ቤትም ከሰልባጅ ተራ በአነስተኛ ዋጋ ሊያሟላው ይችላል። ደመናና ጉም በሚውልበት ሰሞን ማታ የታጠበ ሸሚዝ ጠዋት እርጥብ ሆኖ መገኘቱም ቅያሪ የሌለውን ሁሉ የሚያጋጥም ነው። እርጥብ ሸሚዝ ለብሶ ያልመጣን ልጅ መቅጣት ተገቢ ነው የሚል መምህር ይኖራል ብለን አናምንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ልጅ ከበር ሲመለስ ወዴት ይሄዳል? እርስዎ በዚያ ሰዓት ገበያ ነዎት፤ ቤቱ ዝግ ነው። ልጁ የሚውለው በመንገድ ላይ ነው። ያመለጠው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ወይም ፊዚክስ ከሆነ በማግስቱ የሚቀጥለው ትምህርት ከመካከል የተጀመረ ይሆንበታል፤ ይህ ሲደጋገም የሚመጣውን ማንም መምህር ያውቀዋል። በሥርዓት ስም የተወሰደው እርምጃ ልጁን የሚያለማምደው ከትምህርት መቅረትን ነው። በወሎ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት በተቋረጠባቸው ጊዜያት ልጆቻችን ብዙ ወራት አጥተዋል፤ የጎደለውን ሳንሞላ አንድ ክፍለ ጊዜም ቢሆን በልብስ ሰበብ መቀነስ ሊከብደን ይገባል።

ልብስ ከትምህርት ገበታ ጋር ያለው ግንኙነት በጥናትም ታይቷል። በምዕራብ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በተደረገ ሰፊ ጥናት፣ ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒፎርም በነፃ እንዲሰጣቸው ተደርጎ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ዩኒፎርም ካላገኙት ልጃገረዶች 19 በመቶው ትምህርት ሲያቋርጡ፣ ካገኙት መካከል ያቋረጡት 16 በመቶ ሆኑ፤ በለጋ ዕድሜያቸው ያረገዙትም ከ16 ወደ 13 በመቶ ወረዱ። ከጥናቱ የምንረዳው፣ የልብስ ወጪ የከበደው ቤተሰብ ልጁን ጨርሶ ሊያስቀር እንደሚችል ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነፃ ማቅረብ መጀመሩም ይህንኑ ከግንዛቤ ያስገባ ነው። ደሴም ሆነች ሌሎች የወሎ ከተሞች የአዲስ አበባ በጀት የላቸውም፤ ነገር ግን በሰኔ የሚሰናበቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒፎርማቸውን አጥበው ለትምህርት ቤቱ እንዲተዉ ማድረግ ብዙ በጀት አይጠይቅም።

እርስዎ ማድረግ የሚችሉትን እንንገርዎ። የልጁን ዩኒት ሊደር ይዘው ርዕሰ መምህሩን ያነጋግሩ፤ ደንቡ በጽሑፍ እንዲሰጥዎም ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ በር ላይ የሚሠራበትና በወረቀት የሰፈረው አይገጥሙም። ጉዳዩ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አጀንዳ እንዲያዝ ያመልክቱ። በዚያም የሚጠይቁት ደንቡ እንዲቀር አይሁን፤ ያላሟላ ልጅ ስሙ ተመዝግቦ ወደ ክፍሉ እንዲገባ፣ ከትምህርት በኋላም ከወላጁ ጋር ምክንያቱ እንዲጣራ ይሁን። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት ሊታሰብ እንደሚገባ ይደነግጋል። በር ላይ የሚቆመው የጥበቃ ሠራተኛ የታዘዘውን ነው የሚፈጽመው፤ ስለዚህ ቅሬታዎን በእሱ ላይ አያድርጉት።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በሰልፍ ሰዓት ሴቶች ተለይተን እንድንቆም ይደረግና አንድ ወንድ መምህር የጉርድ ቀሚሳችንን ርዝመት በማስመሪያ ይለካል። ወንዶቹ ቆመው ይስቃሉ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ደንብም የሚበዛው ስለ እኛ ነው፤ ጥፍር፣ የጆሮ ጌጥ፣ ጠጉር፣ ጉርድ። ምክንያቱን ስንጠይቅ «ወንዶቹን ትረብሻላችሁ» እንባላለን። ይህ ትክክል ነው?

መልስ፦ ልጃችን፣ ትክክል አይደለም፤ ልኬቱ ከነገ ጀምሮ መቆም አለበት። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የሕፃኑን ሰብአዊ ክብር በጠበቀ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል፤ ልጃገረድን በጓደኞቿ ፊት አቁሞ ጉልበቷ ላይ ማስመሪያ ማሳረፍ ከዚህ ጋር የሚታረቅበት መንገድ የለም። የጉርዱ ርዝመት መታየት አለበት ከተባለ፣ አንዲት ሴት መምህር ልጅቱን ከትምህርት በኋላ ለብቻዋ ጠርታ ልትነግራት ትችላለች። ከዚህ ያለፈ ሥርዓት አያስፈልገውም።

«ወንዶቹን ትረብሻላችሁ» የሚለው ምክንያት ደግሞ የወንዱን ልጅ ባሕርይ የመግራት ሥራ ከመምህሩና ከራሱ ከልጁ ላይ አንሥቶ በእናንተ ላይ ይጭነዋል። ደንብ ሲጻፍ ይህን አባባል እንደ ምክንያት መጠቀም፣ ወንዶቹንም ራሳቸውን መግዛት የማይችሉ አድርጎ መናቅ ነው። በእርግጥ የሴት ልብስ ላይ ዘብ መቆም ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ ዘብ የሚቆሙትም ሁልጊዜ ርዕሳነ መምህራን አልነበሩም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በራስ መኮንን አዳራሽ የተዘጋጀውን የፋሽን ትርኢት በኃይል የተቃወሙት «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተራማጅ ተማሪዎች ነበሩ። ሚኒ ስከርትን የባዕድ ባህል ወረራ አድርገው አዩት፤ በዚያ ዕለት እንቁላል ተወርውሯል፤ ወደ ትርኢቱ የመጡ ሴቶችም ተንገላተዋል። ስለ ገበሬው ጭቆና ያን ያህል አርቆ ያየ ትውልድ፣ ስለ ሴቷ ጉርድ ሲሆን ከአባቶቹ ብዙም አለመለየቱ እስከ ዛሬ ይገርመናል።

በደንቡ ላይ ልትጠይቁባቸው የሚገቡ፣ ወንዶች ብቻ ተቀምጠው ሲያወጡት የማይታሰቧቸው ነገሮችም አሉ። አንደኛው ቀለም ነው። ነጣ ያለ ካኪ ጉርድ የሚለበስባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በወር አበባ ሰሞን ጉርዱ እንዳይነካ ስትል ቀኑን ሙሉ ከወንበሯ የማትነሣ፣ ሰሌዳ ላይ ውጪ ስትባል አላውቀውም ብላ የምትቀመጥ፣ ወይም እስከነጭራሹ የምትቀር ልጅ አለች። ሹራብ ወገብ ላይ ማሰር የተከለከለው «ሥርዓት አይደለም» በሚል ነው፤ ሹራቡ ለምን እንደሚታሰር ግን የጠየቀ ያለ አይመስልም። ጠቆር ያለ ጨርቅ ቢመረጥ ይህ ሁሉ ይቀልላል። ሌላው፣ የፈለገች ሴት ተማሪ ከጉርድ ይልቅ ሱሪ እንድትለብስ መፍቀድ ነው፤ የርዝመት ክርክሩ ያን ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። እናንተም በትምህርት ቤቱ የሴቶች ክበብ ካለ በእሱ በኩል፣ ከሌለም በክፍል አለቆቻችሁ አማካይነት ሐሳባችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፤ ከወንዶቹ መካከልም የሚፈርሙላችሁ አታጡም።

ጥያቄ፦ በወልድያ ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩ መምህር ነኝ። በጽሑፎቻችሁ ሁልጊዜ ለተማሪው ታዳላላችሁ። ሱሪውን ከወገቡ አውርዶ፣ ጠጉሩን ቀለም ተቀብቶ፣ በቲክቶክ ያየውን ሁሉ ይዞ የሚመጣ ልጅ ሲበዛ ክፍል መቆጣጠር አይቻልም። ተማሪ ያልሆኑ ጎረምሶች ከተማሪ ተቀላቅለው ግቢ ይገባሉ። እኛ ጥብቅ ካልሆንን ማን ይሁን? በር ላይ መቀስ ይዘን የቆምንበትም ጊዜ አለ፤ ውጤትም አይተንበታል።

መልስ፦ መምህር፣ በአንድ ክፍል ከአቅም በላይ ተማሪ ይዞ በየቀኑ የሚቆም ሰው የሚናገረውን ከውጭ ሆነን በቀላሉ የምንነቅፈው አይደለም። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ነውና። ስለ ጎረምሶቹ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እንቀበላለን። ከአንድ ሺህ በላይ ተማሪ ባለበት ግቢ የጥበቃ ሠራተኛው ፊት ለይቶ ሊያውቅ አይችልም፤ ዩኒፎርምና መታወቂያ የመጀመሪያው መለያው ናቸው፤ ሴት ተማሪዎቻችንን በግቢያቸው ውስጥ ከሚደርስባቸው ለከፋ የሚጠብቀውም ይኸው ነው። በዚህ በኩል ጥብቅ ሁኑ። መታወቂያ የሌለው እንዳይገባ ማድረግ አንድን ተማሪ በሹራቡ ቀለም ከመመለስ ጋር አንድ አይደለም።

ዩኒፎርም በራሱ ሥነ ምግባርን ያስተካክላል በሚለው ላይ ግን ማስረጃው እንደሚጠበቀው አይደለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያዋ ሎንግ ቢች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1994 ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል ዩኒፎርምን ግዴታ ስታደርግ ጠብና ወንጀል ቀነሰ ተብሎ በመላ አገሪቱ ተወራ፤ ይሁንና በዚያው ሰሞን ሌሎች የጥበቃና የቁጥጥር እርምጃዎችም ተወስደው ስለነበር ለውጡን ለልብሱ ብቻ መስጠት አልተቻለም። ከአራት ዓመት በኋላ የታተመ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን አገር አቀፍ መረጃ የመረመረ ጥናት ደግሞ ዩኒፎርም በቀሪነት፣ በባሕርይ ችግርም ሆነ በአደንዛዥ ዕፅ አጠቃቀም ላይ ቀጥተኛ ለውጥ አላየም። የእኛ ሁኔታ ከአሜሪካ ይለያል ቢሉን እንስማማለን፤ እኛም ዩኒፎርም ይቅር አላልንም። የምንለው፣ ክፍል ጸጥ የሚያሰኘው ዝግጅትዎና በልጆቹ ዘንድ ያለዎት ከበሬታ ነው፤ ይህም እርስዎን ለመሰለ ነባር መምህር አዲስ ነገር አይደለም።

ስለ መቀሱ ግን አንደራደርም። ሱሪና ሸሚዝ የትምህርት ቤት ናቸው፤ ልጁ ቤቱ ሲገባ ያወልቃቸዋል። ጠጉሩ ግን ከእርሱ ጋር ወደ ቤተ ሰቡ፣ ወደ ሰፈሩ፣ ወደ ሠርግና ወደ ለቅሶ ይሄዳል፤ ስለዚህ ደንቡ በጠጉር ላይ ያለው ሥልጣን በልብስ ላይ ካለው ያነሰ ነው። ንጹሕና የተበጠረ ይሁን ማለት ይቻላል። አፍሮ አሳድጓል፣ ሹሩባዋ በዝቷል እያሉ ልጅ መመለስ ግን፣ በተለይ ሹሩባና ጎፈሬ የአያቶቹ ወግ በሆነበት አገር፣ ምን ለማስተማር እንደሆነ አይገባንም። ተማሪን በሰልፍ ፊት በመቀስ ከመሐል አናቱ ሸልቶ መልቀቅ ደግሞ ማዋረድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ጭካኔ ከተመላበት፣ ከሰብአዊነት ውጭ ከሆነ አያያዝ ነፃ መሆናቸውን በግልጽ ይናገራል። ውጤት አየንበት ያሉት ዝምታ ከሆነ፣ በዚያ ቀን ማታ በየቤቱ ምን እንደተባለ ወላጆችን ይጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሐይቅ ነው። በእኛ ቤት እንደ ብዙው የወሎ ሰው ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። የእኅቴ ልጅ ሂጃቧ ከዩኒፎርሙ ቀለም ጋር አይሄድም ተብላ ተመልሳለች፤ የእኔ ልጅ ደግሞ ማተቧን ከሸሚዟ ውስጥ እንድትከት ታዝዛለች። ትምህርት ቤት ሃይማኖትን የሚነካ የአለባበስ ደንብ ማውጣት ይችላል ወይ? ሕጉስ ምን ይላል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሕጉ ሁለት ነገር አጣምሮ ይዟል። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን አንቀጽ 11፣ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መሰጠት እንዳለበት አንቀጽ 90 ይደነግጋሉ። አንቀጽ 27 በበኩሉ ማንም ሰው ሃይማኖቱን የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገርና፣ ይህ መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግ ብቻ፣ ያውም የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የሕዝብን ሞራልና የሌሎችን መብት ለመጠበቅ፣ እንዲሁም መንግሥት ከሃይማኖት ነፃ መሆኑን ለማረጋገጥ አስፈላጊ ሲሆን እንደሆነ ያክላል። እንግዲህ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር «ለእኔ አይመቸኝም» ብሎ የሚከለክለው ነገር አይደለም። ሂጃብ የለበሰችም ሆነች ማተብ ያሰረች ልጅ የማንንም ደኅንነት ወይም ትምህርት አትነካም።

በ2017 ዓ.ም. በአክሱም የተፈጠረውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሂጃብ የለበሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ታግደው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በጥር ወር ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ አዘዘ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ተማሪዎቹ ለብሔራዊ ፈተና የሚመዘገቡበት ጊዜ እየነጎደ ነበር። ትእዛዝ ይወጣል፣ ይታገዳል፣ ይሻራል፤ ልጅ ያመለጣትን ወር የሚመልስላት ግን የለም።

በሌሎች አገሮች ፍርዱ አንድ ዓይነት አይደለም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሂጃብን፣ ትልልቅ መስቀልንና የአይሁድ ቆብን ጭምር ከልክላለች፤ ይህም ከራሷ ታሪክ የመጣ ነው፤ ለወሎ የሚሆን ትምህርት አናገኝበትም። ይበልጥ የሚጠቅመን ሁለት ፍርዶችን ማስተያየት ነው። የደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007፣ ከሂንዱ ቤተ ሰብ የመጣች ተማሪ በባህሏ መሠረት ያደረገችውን ትንሽ የአፍንጫ ጌጥ ትምህርት ቤቷ መከልከሉ ትክክል አይደለም ሲል ፈረደ። ከአንድ ዓመት በፊት በእንግሊዝ ደግሞ፣ በወቅቱ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤትም የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ረጅም ጅልባብ ልልበስ ባለች ሙስሊም ተማሪ ክርክር ለትምህርት ቤቱ ፈርዶ ነበር። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የእንግሊዙ ትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን ሲወስን ከወላጆችና ከአካባቢው መስጊዶች ጋር ተማክሮ፣ ሻልዋር ቀሚዝ የሚባለውን የረጅም ቀሚስና የሱሪ ልብስ እንዲሁም ሂጃብን ከአማራጮቹ አስገብቶ ነበር። የደቡብ አፍሪካው ግን ለአንዲት ልጅ ቦታ ብንሰጥ ሥርዓት ይፈርሳል የሚል ስጋት ይዞ መጣ፤ ፍርድ ቤቱም አልተቀበለውም።

በእርስዎ ቤት የሆነውን ስንመለከት፣ ሂጃቡ ከዩኒፎርሙ ጋር የሚሄድ ቀለም ይኑረው ማለት በራሱ ስሕተት አይደለም፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች ይሠራበታል። ስሕተቱ ሌላ ሂጃብ እስክትገዛ ድረስ ከበር መመለሷ ነው፤ የመግዣ ጊዜ ይሰጣት፣ እስከዚያውም ትማር። ማተብም ከሸሚዝ ውስጥ ይግባ የሚባልበት ምክንያት አይታየንም። ፊትን ስለሚሸፍን ኒቃብ የሚነሣው ጥያቄ ማንነትን ከማረጋገጥ ጋር ይያያዛል፤ በተለይ በፈተና ሰዓት አንዲት ሴት መምህር ለብቻ አይታ መታወቂያውን ብታመሳክር ችግሩ ያለ ጭቅጭቅ የሚፈታበት መንገድ አለ። ከሁሉም በላይ ይህን የመሰለ ነገር በሐይቅ ገና ሳይከር በሽማግሌ ማለቅ የሚችል ነው። ትምህርት ቤቱ ከሁለቱም እምነት ሰው በሚያከብራቸው አባቶች ፊት ደንቡን ያንብብ፤ አንቱ የተባሉት ሸኽና ቄስ አብረው ቡና ሲጠጡ ከሚስማሙበት የተሻለ አንቀጽ እኛ ከዚህ ጠረጴዛ ልንጽፍለት አንችልም።

ጥያቄ፦ የደሴ ቧንቧ ውኃ ነዋሪ ነኝ። ልጄ የምትማርበት የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን ከራሱ ብቻ እንድንገዛ ያስገድደናል፤ ዋጋው ገበያ ላይ ከማሰፋበት እጅግ ይበልጣል። በየሁለት ዓመቱም ቀለሙን ይቀይራል። ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ በዚህ ዓምድ ሥርዓት ለማስከበር ሲባል ስለሚደረጉ ነገሮች ብዙ ጽፈናል፤ ይህኛው ግን ንግድ ነው። ትምህርት ቤቱ የጨርቁን ዓይነት፣ ቀለሙንና አሰፋፉን የመወሰን መብት አለው፤ ማን ይስፋው የሚለው ግን የእናንተ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 የዩኒፎርም ወጪን የሚመለከት ሕግ ማውጣት ያስፈለጋት፣ ወላጆች የትምህርት ቤቱ ምልክት ያለባቸውን ውድ ልብሶች ከአንድ ሻጭ ብቻ እንዲገዙ መገደዳቸው ስለበዛ ነው። በእኛ አገር መፍትሔው ቀላል ነው፤ ትምህርት ቤቱ ዓርማውን ለብቻው ይሽጥላችሁ፣ እናንተም በምታውቁት ልብስ ሰፊ አሰፍታችሁ ደረት ኪሱ ላይ ትለጥፉታላችሁ። ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆናችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለ ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። የቀለም ለውጥ ቢኖርም በሰኔ ካርድ ሲሰጥ ይነገራችሁ፤ በጳጉሜን የሚነገር ከሆነ ግን፣ የበዓል ወጪ በተደራረበበት ሰሞን ነውና፣ የባለፈው ዓመት ዩኒፎርም ቢያንስ ለአንድ ዓመት አብሮ እንዲለበስ ከወዲሁ ቃል አስገቧቸው።